ቀስ ብሎ የሚከፈት እጅ

የባለቤቴ ግራ እጅ ጠዋት ጠዋት አይከፈትም። ሌሊቱን ተጨብጦ ያድራል፤ አውራ ጣቱ ወደ ውስጥ ገብቶ፣ ሌሎቹ ጣቶች እንዳያመልጥ የያዙት ይመስል ተደራርበውበት። እኔ ሳሙናና ለብ ያለ ውሃ ይዤ አልጋው ጫፍ ላይ እቀመጥና ጣቶቹን አንድ በአንድ እፈታለሁ። ካልተፈቱ መዳፉ ያልበዋል፣ ይሸታል፣ ጥፍሩም ሥጋውን ይበላዋል። ጭንቅላቱ ውስጥ ያለው ደም ሥር ተዘግቶ ግራ ጎኑ ሽባ ከሆነበት ቀን ጀምሮ ይህ የእኔ ሥራ ነው። ሰው “ባለቤትሽ እንዴት ነው?” ሲለኝ “ደህና ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን” እላለሁ። “አንቺስ?” የሚለኝ ብዙ የለም። ቢኖርም ያንኑ እመልስለታለሁ፤ እውነቱን ብነግረው ቆሞ መስማት ይሰለቸዋል።

ቤታችን ሴቻ ነው፣ ከከተማው የላይኛው ሰፈር። የታጠበበትን ውሃ ልደፋ በረንዳው ላይ ስወጣ አባያ ሐይቅ ከታች ይታያል፣ ቀይ አፈር የተበጠበጠበት የሚመስለው ያ ሰፊ ውሃ። ድሮ ቁጭ ብዬ አየው ነበር። እሱ ከታመመ በኋላ ግን ውሃዬን ደፍቼ መመለስ ብቻ ሆነ። ከሰዓት ፈረቃ አስተምራለሁ፤ በዚያ ሰዓት ታናሽ እህቴ መጥታ ትተካኛለች። አንድ ቀን ጥቁር ሰሌዳው ፊት ቆሜ ሳዛጋ አንዷ ተማሪዬ “ቲቸር፣ ግን እርስዎ ይተኛሉ?” አለችኝ። ክፍሉ ሁሉ ሳቀ፤ እኔም አብሬ ሳቅኩ። ቤቴ ስገባ ግን ጥያቄዋ አብሮኝ ገባ። እተኛለሁ፤ እንቅልፍ ግን አያሳርፈኝም ነበር።

ድካሜ ከሥራው ብቻ አልነበረም። ሥራ ይለመዳል። ያደከመኝ በዚያ ሁሉ ጊዜ ከባለቤቴ ጋር የያዝነው ክርክር ነው። እሱ “ገረሴ ውሰጂኝ” ይላል፤ እኔ “አልወስድህም” እላለሁ። ነገሩ ይኸው ነበር። ትንሽ ይመስላል እንጂ ትንሽ አልነበረም፤ እምቢ ባልኩ ቁጥር እሱ አንድ ነገር ይተዋል። መጀመሪያ የእግር ልምምዱን ተወ። ከዚያ በረንዳ ላይ መቀመጥ ተወ። በመጨረሻ የምወስድለትን ምግብ ከሁለት ጉርሻ በላይ አልበላም አለ። ዶክተሩ “እንዲህ ከቀጠለ ሌላ ሕመም ይጨመርበታል” ብሎኛል። እኔም አውቀዋለሁ፤ ግን ልሸነፍ አልፈለግኩም።

ገረሴ ባለቤቴ የተወለደባት ደጋ ናት። እዚያ ታላቅ ወንድሙ ይኖራሉ። በጋሞ ደጋ ልማድ የቤቱ በኩር ባይራ ይባላል። ባይራ ሳይዘራ ታናሽ አይዘራም፣ ባይራ ሳይቀምስ አዲስ እህል አይቀመስም። ይህን የተላለፈ ሰው ጎሜ ይይዘዋል ይላሉ። ጎሜ የተጣሰ ሥርዓት ጦስ ነው፤ በሽታ ሆኖ ይመጣል፣ ወይም ላሟ ትሞታለች፣ ወይም ልጅ ይታመማል። መፍትሔው ደግሞ ቁጭ ብሎ የሆነውን መናገርና መታረቅ ነው።

የሚያስቀው ነገር ባለቤቴ ዕድሜውን ሙሉ የተከራከረው ከዚህ ልማድ ጋር መሆኑ ነው። የግብርና ባለሙያ ነበር። ደጋውን በእግሩ እየዞረ ገበሬውን “ዝናብ ባይራ አያውቅም፣ መሬቱ ሲርስ ዝሩ” ሲል ነው ጡረታ የወጣው። ከመታመሙ በፊት በነበረው በልግ ዝናቡ ቀድሞ ጣለ። አባታቸው ባወረሷቸው ማሳ ላይ ወንድሙ ገና አልዘሩም ነበር። ባለቤቴ ሄዶ የራሱን ድርሻ ገብስ ዘራና ተመለሰ። ገብሱ አማረ። ወንድሙ ምንም አላሉም፤ ስልክ መደወል ግን ተዉ። በዓመቱ ባለቤቴ መታጠቢያ ቤት ወለል ላይ ወድቆ ተገኘ።

ወንድሙ ሆስፒታል አንድ ጊዜ መጡ። በሩ ላይ ቆመው አዩት፣ ጋቢያቸውን አጠባበቁ፣ አንዲት ቃል ሳይናገሩ ወደ አገራቸው ተመለሱ። ባለቤቴ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ከዚያ ቀን ወዲህ ነው “ገረሴ ውሰጂኝ” ማለት የጀመረው።

እኔ እንዴት ልውሰደው? አባቴ ወንጌላዊ ነበር። ያንን ደጋ ዳገት ቁልቁለት ሳይል የዞረው ሰውን ከጎሜ ፍርሃት ለማውጣት ነው። በቤታችን “ጎሜ” የሚለውን ቃል በቀልድ እንኳ አንስተን አናውቅም። አሁን የወንጌላዊ ልጅ ባሏን ደግፋ፣ ሽማግሌ ፊት አስቀምጣ፣ “ገብስ ቀድሞ ስለዘራ ነው የታመመው” ታሰኝ? አባቴ ከመቃብሩ ተነስቶ የሚመጣብኝ ይመስለኝ ነበር። “አንተ የተማርክ ሰው አይደለህም እንዴ?” እለዋለሁ ባለቤቴን። ዝም ይላል። የሱ ዝምታ ከስድብ ይብሳል።

ረቡዕ ረቡዕ የጸሎት ቡድናችን ሴቶች ይመጣሉ። የቡድኑ መሪ ጨርቅ ነጋዴ ናት፤ ደግ ሴት ናት፣ ሾርባ ሳትይዝ መጥታ አታውቅም፣ ቆሻሻ ልብስ ካየች እጅጌዋን ሰብስባ ታጥባለች። ጸሎቱ ሲያልቅ ግን “በዚህ ቤት እምነት የጎደለው ሰው ካለ ፈውሱ ይዘገያል” ትላለች። ዓይኗ እኔ ላይ ይቆያል። እኔም ማን ጎደለ እያልኩ ራሴን እመረምራለሁ። ጾምኩ። ማልጄ ተነስቼ ተንበረከክኩ። እጁን ስፈታም እጸልያለሁ፤ በያንዳንዱ ጣት ላይ “ዛሬ ይሁን፣ ዛሬ ይሁን” እያልኩ። ከዚያ መዳፉን ዘርግቼ እለቀውና አያለሁ። እጁ ቀስ ብሎ እንደገና ይጨበጣል። ያን ጊዜ ውስጤ አንድ ነገር ይናደዳል። በማን እንደምናደድ እንኳ አላውቅም ነበር፤ አንዳንድ ቀን በእጁ ላይ የተናደድኩ ይመስለኛል።

ሆስፒታል የአካል እንቅስቃሴ ሕክምና የምትሰጠው ባለሙያ ወጣት ልጅ ናት። ገና ስታየኝ “ማዘር” አለችኝ፤ ያን ያህል አርጅቻለሁ ብዬ አላስብም ነበር፤ ይሁን። ቤት የምሠራውን እንዳሳያት ጠየቀችኝ። ተቀመጥኩና አሳየኋት። ትንሽ አየችኝና እጇን እጄ ላይ አደረገች።

“ማዘር፣ እየጎተቱት ነው” አለች። “ይህ እጅ ሲቸኩሉበት የበለጠ ይጨበጣል። ራሱ ቀስ ሲል ነው የሚከፈተው።”

“እኔ መች ቸኮልኩ?”

“ሲይዙት ምን እያሰቡ ነው?”

“እየጸለይኩ ነው” አልኳት፤ ድምፄ ትንሽ ከረር ብሎ ነበር።

ልጅቷ አልደነገጠችም። “ጥሩ ነው” አለች። “እንግዲያው መጀመሪያ ይጸልዩ። ሲጨርሱ እጁን ይያዙ። ሁለቱን አንድ ላይ ሲያደርጉ ጸሎቱ ያስቸኩልዎታል። እጁን ሲይዙ እጁን ብቻ ያስቡ፤ ሙቀቱን፣ የትኛው ጣት እንደጠጠረ፣ መቼ እንደላላ። ሐሳብዎ ሌላ ቦታ ከሄደ ምንም አይደለም፣ ይመልሱት።”

ተናድጄ ወጣሁ። የእንደኔ ያለች ሴት ጸሎት በወረፋ ነው የሚሆነው? ባለቤቴ ግን ባጃጅ ውስጥ ሆኖ ሳቀ። ከታመመ በኋላ አፉ ወደ አንድ ወገን እየተጣመመ ስለሚስቅ ደግሞ ያሳዝናል ደግሞ ያስቃል። “እውነቷን ነው፣ ትጎትቺኛለሽ” አለ።

በማግስቱ እልህ ይዞኝ እንዳለችው አደረግኩ። ጸሎቴን ወጥ ቤት ውስጥ ቆሜ ጨረስኩና ገባሁ። እጁን ይዤ እጁን ብቻ ላስብ ብዬ ተቀመጥኩ። አልቻልኩም። ሐሳቤ ውሃ ዛሬ ይመጣል ወይስ አይመጣም አለ፣ የፈተና ወረቀት አላረምኩም አለ፣ ረቡዕ ምን ልሠራላቸው ነው አለ። መለስኩት። ደግሞ ሄደ። ማሰሪያው እንደላላ ፍየል ነው፣ ዘወር ስትል የጎረቤት ጎመን ውስጥ ታገኘዋለህ። ተነስቼ ልተወው ስል ጣቱ ላላ። አልጎተትኩትም፤ ራሱ ነው የላላው። ትንሿ ጣት ናት። ደነገጥኩ ማለት ይቻላል።

እንዲህ እያልኩ ከረምኩ። የሆነልኝ ቀን አለ፣ ያልሆነልኝ ይበዛል። ግን አንድ ነገር ገባኝ፤ ያን እጅ ስንት ጊዜ አጥቤው አይቼው አላውቅም ኖሯል። አመልካች ጣቱ ላይ የድሮ ማጭድ ጠባሳ አለ። መዳፉ ላይ የነበረው ጠጣር ቆዳ ለስልሷል፤ አካፋ መያዝ ካቆመ ቆይቷላ። በትዳር አብረን ያረጀን ሰዎች ነን፤ እጁ ግን አዲስ ሆነብኝ። እኔ የማየው የሚድነውን እጅ ነበር፤ እሱ ደግሞ ገና አልመጣም።

አንድ ጠዋት እንደዚያ ይዤው ዝም ብዬ ሳለ ባለቤቴ ተናገረ።

“ገረሴ ውሰጂኝ።”

ሌላ ጊዜ ቢሆን “ጀመርክ ደግሞ” ብዬ እነሳ ነበር። ያን ዕለት እጁን መልቀቅ ስላልፈለግኩ አልተነሳሁም። ዝም ስለው ቀጠለ።

“ለመዳን አይደለም” አለ። “ገብስ ሰውን እንደማይጥል አውቃለሁ። ለስንቱ አስተምሬያለሁ። ጋሼ ግን ዝም ብሎኛል። እንደዚህ ዝም እንዳለኝ መሞት አልፈልግም።”

ይህን ከዚያ በፊት ነግሮኝ ይሆናል፤ እኔ እንጃ። እኔ “ገረሴ” የሚለውን ሰምቼ ቀሪውን በአባቴ ስብከት ስመልስ ነው የኖርኩት። አንድ ሰው ወንድሙን ናፈቀኝ ሲለኝ፣ እኔ ከጣዖት ጋር እየተዋጋሁ ነበር።

እሺ አልኩት። እምነቴን መርምሬ፣ አመዛዝኜ እሺ ያልኩ ይመስል ላስመስል እችላለሁ። አይደለም። ደክሞኝ ነው። “አይሆንም” የሚለውን ቃል ተሸክሜ መቆም አቃተኝ፤ አስቀመጥኩት። ሳስቀምጠው ምድር አልተሰነጠቀችም።

ረቡዕ ለቡድኑ መሪ ነገርኳት። ደብቄ ብሄድ ወሬው በታችኛው ሰፈር በሲቀላ ዞሮ እንደሚደርሳት አውቃለሁ። ሲኒዋን አስቀመጠች።

“አባትሽ የዘጉትን በር ልትከፍቺ ነው” አለችኝ።

“ባሌ ወንድሙን ሊያይ ነው።”

“ተቀምጠው የሚያደርጉትን ታውቂያለሽ።”

“አውቃለሁ። እሱ መሄድ ፈልጓል፣ እኔ ደግሞ ደክሞኛል” አልኳት። በሚቀጥለው ረቡዕ አልመጡም። ቤቱ ጭር ሲል ከፋኝ፤ ሾርባዋም ሳይቀር ናፈቀኝ።

የጎረቤታችንን መኪና ተኮናትረን ቅዳሜ ተነሳን። ባለቤቴን በጋቢ ደግፌ ከኋላ አጠገቡ ተቀመጥኩ። የቆላው ሙዝና ማንጎ እየቀረ፣ መንገዱ እየተጠማዘዘ፣ እንሰቱና ቀርከሃው ሲመጣ ሰውዬው ነቃ። መስኮቱን አስከፈተኝና ማሳ ማሳውን ማየት ጀመረ። “ይሄ ሰውዬ በመስመር አልዘራም” ይላል። “ያችን ዳገት እርከን ሥሩባት ብያቸው ነበር፣ አየሽ አፈሩን ውሃ እንደወሰደው?” ለወራት ሁለት ቃል ሲነፍገኝ የከረመ ሰው እስከ ገረሴ ድረስ ገበሬ ሲወቅስ ሄደ። መንገድ ላይ ሙዝ ገዝቼ ነበር፤ እየተናገረ ጨረሰው። እኔም በመስኮቱ የሚገባው ብርድ እያንቀጠቀጠኝ ሰማሁት።

ወንድሙ ደጃፍ ቆመው ጠበቁን። አርጅተዋል። በዱላ ነው የሚቆሙት፤ ሆስፒታል ሲመጡ ዱላ አልያዙም ነበር። ወንድማቸውን ከመኪና ስናወርደው ሽባውን እጅ አዩ፣ ከዚያ ዓይናቸውን ወደ መሬት መለሱ። ጉንጫቸውን ሳምኳቸውና “ጋሼ፣ እንደምን ከረሙ?” አልኳቸው። “እናንተን ካየሁ ደህና ነኝ” አሉ፤ ያ ለእኔ ነበር። ለባለቤቴ ምንም አላሉትም። ቆጮ፣ ሥጋና ጎመን በዳጣ ቀረበ። ባለቤቴ በላ። እሳቸው አጥንት የሌለበትን ሥጋ እየመረጡ በእሱ በኩል ያደርጉለታል፤ አሁንም ቃል የለም።

በማግስቱ ረፋዱ ላይ ከቤቱ ፊት፣ ቀርከሃው ሥር ተቀመጥን። የሰፈሩ አንድ ሽማግሌ መጥተው ነበር፤ ነጭ ጢም ያላቸው፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ሰው ናቸው። በእጃቸው እርጥብ ሳር ይዘዋል፣ ፊታቸው ደግሞ በቅል ውሃ አለ። የተነጋገሩት በጋሞኛ ነው፤ እኔም እሰማዋለሁ፣ እዚህ በአማርኛ አደረግኩት። ልቤ ውስጥ መዝሙረ ዳዊት እየደገምኩ ተቀምጬ፣ እንግዳ ነኝ፣ አያገባኝም እል ነበር።

ሽማግሌው መጀመሪያ ወደ እኔ ዞሩ።

“አባትሽን አውቃቸዋለሁ” አሉ። “እዚህ ደጃፍ ተቀምጠው ሰብከውናል። እኔን አላሳመኑኝም። ግን ሲናገሩ አላቋረጥኳቸውም፤ እኔም ስናገር አላቋረጡኝም። ከመሸባቸው እዚህ ያድሩ ነበር።”

ይህን አላውቅም ነበር። እኔ የማውቀው አባቴ መድረክ ላይ ቆሞ የሚናገረው ነው። ተቀምጦ የሚሰማው አባቴን ማንም አልነገረኝም።

ከዚያ ሽማግሌው “በሆዳችሁ ያለውን አውጡ፤ አንዱ ሲናገር ሌላው ይስማ” አሉ። ባለቤቴ ጀመረ። ምላሱ እየተያዘ፣ ከንፈሩን እየጠረገ ተናገረ። “ከባይራዬ በፊት ዘራሁ። ዝናቡ እንዳያልፈኝ ብዬ ነው። ግን ደጃፉ ድረስ ሄጄ ልዝራ ወይ ብዬ አልጠየቅኩትም። ያወቅኩ መስሎኝ ነው። ከወደቅኩ በኋላ ለዚህ ነው እንዴ አልኩ። አይደለም እላለሁ፣ ማታ ግን ነው እላለሁ።” ያን ጊዜ ነው እሱም እንደማይተኛ ያወቅኩት፤ አጠገቤ እየተኛ።

ተራው የወንድሙ ሆነ። ዱላቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው ያገላብጡታል።

“ያን ዓመት ጉልበቴ ከዳኝ” አሉ በመጨረሻ። “ከቤት እስከ ማሳው መሄድ አቃተኝ። ባይራ ሆኜ አቃተኝ ማለት አፈርኩ። ዝናቡ ጣለ፣ እኔ ተኛሁ። ታናሼ ቀድሞ የዘራው እኔ መዝራት ስላልቻልኩ ነው። መታመሙን ስሰማ እኔ ነኝ የጣልኩት አልኩ። ሆስፒታል በሩ ላይ ቆሜ ምን ልበለው? ጠላኝ ብሎ እንዳሰበ አላወቅኩም። እኔ እሱ የሚጠላኝ መስሎኝ ነው ዝም ያልኩት።”

ባለቤቴ አለቀሰ። ወንድሙም እንደዚያው። ሽማግሌው አላስቸኮሏቸውም፤ ሳሩን በጣታቸው እያስተካከሉ ጠበቁ። ወፍ ይጮሃል፣ ከታች የሆነ ሰው እንጨት ይፈልጣል። እኔ ዳዊቱን መድገም ትቼ ነበር፤ መቼ እንደተውኩት አላስታውስም። ሽማግሌው ወደ እኔ ዞሩ።

“አንቺስ፣ ልጄ?”

“እኔ ምንም የለኝም” ልል አፌን ከፈትኩ።

“ደክሞኛል” አልኩ።

ማንም መልስ አልሰጠኝም። “አይዞሽ” አላለኝም፣ “እግዚአብሔር ያበረታሽ” አላለኝም። እየሰሙኝ ነበር። ያ ዝምታ እንደኔ ላለች ሴት አደገኛ ነው፤ የተቀረውን አስወጣኝ።

“የማይድነው ጸሎቴ ስላልበቃ ይመስለኛል” አልኩ። “በየቀኑ እንደሱ አስባለሁ። በቂ እምነት ቢኖረኝ እጁ ይከፈት ነበር እላለሁ።”

ወንድሙ ቀና ብለው አዩኝ። ዓይናቸው ገና እርጥብ ነው።

“አንቺም?” አሉ።

ይህን ቃል አልረሳውም። ገብስ ቀድሞ ስለተዘራ ሰው አይታመምም ብዬ ስከራከር የኖርኩ ሴት፣ ሰው የማይድነው እኔ ጎድዬ ነው ብዬ አምን ነበር። በእነሱ እየሳቅኩ የራሴን ተሸክሜ ነበር። ሦስታችንም ለአንድ ደም ሥር መዘጋት የየራሳችንን በደል ፈልገን አግኝተን፣ ለብቻ ለብቻችን ተቀጥተንበታል። እግዚአብሔር መኖሩን ማመን አልተውኩም፤ ያን ቀንም አልተውኩትም። የተውኩት ምክንያቱን አውቀዋለሁ የሚለውን ነው።

ሽማግሌው ለእርቁ ሊረጩን ሳሩን ውሃው ውስጥ ነክረው አነሱና ቆም አሉ። “ለአንቺ ይቅር?” ብለው ጠየቁኝ፤ የወንጌላዊ ልጅ መሆኔን ማክበራቸው ነው። “ለሁላችንም እንደሚሆነው ይሁን” አልኩ። ረጩት። መነጽሬ ላይ አረፈ፤ በቀሚሴ ጠረግኩት። ቀዝቃዛ ውሃ ነበር፤ ከዚያ ያለፈ ነገር አልተሰማኝም፤ አልፈራሁትምም።

ባለቤቴ አልዳነም። ይህን ማድበስበስ አልወድም፤ አንባቢ እስከ መጨረሻው ተስፋ አድርጎ እንዲናደድብኝ አልፈልግም። ዛሬም እጁ ተጨብጦ ያድራል። ልምምዱን ግን ቀጥሏል፤ ከወንድሙም ጋር በስልክ ስለ ዝናብ ሲከራከሩ ጎረቤት ይሰማል። የጸሎት ቡድኑ መሪ አኩርፋ ከርማ አንድ ረቡዕ ሾርባዋን ይዛ ብቻዋን መጣች። ስለ ገረሴ አልጠየቀችኝም፣ እኔም አልነገርኳትም፤ ልብስ አጠብን። እኔም አሁንም ይደክመኛል። አሁንም አንዳንድ ጠዋት ሐሳቤ ጎመን ውስጥ ይገባል። ድካሙ የሥራ ድካም ብቻ ሲሆን ግን እንቅልፍ ያስተኛል።

የገረሴው ጉዞ ለእኔ ያለቀው ግን ቀርከሃው ሥር አይደለም። በማግስቱ ጠዋት፣ ከመመለሳችን በፊት ነው። የደጋው ብርድ እጁን ይበልጥ አጠንክሮት ነበር። ለብ ያለ ውሃ ተሰጠኝና መደቡ ላይ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ይዤው ቆየሁ። ትንሿ ጣት እንኳ አልላላችም። ውጭ ወንድሙ ከብቶቹን ያነጋግራሉ። ውሃው በረደ። እኔ ግን የምቸኩልበት ስላልነበረኝ፣ የምጠብቀውም ስላልነበረ፣ እጁን በሁለት እጄ ይዤ ተቀመጥኩ። ሞቀኝ፤ እሱም ሞቀው መሰለኝ።

“ዛሬ ቆየሽ” አለኝ።

“አልተከፈተልኝም።”

“ታውቆኛል።” ፊቱን ወደ እኔ አዞረ። “ከወደቅኩ ጀምሮ ስትይዢኝ ድኗል ወይ ብለሽ ነበር የምትይዢኝ። በየጠዋቱ ፈተና እንደምወድቅ ታውቂያለሽ? ዛሬ ግን ዝም ብለሽ ያዝሽኝ።”

ሌላ ውሃ አሞቁልኝ አላልኩም፤ እጁን እንደያዝኩ ቆየሁ።